ዕድሜና ርቀት፦ የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ የመወዳደሪያ ፈተና ታሪክ

የመንግሥት ሥራ ለሚችል ሰው ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ በግልጽ የሚቃወም ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ክርክር የሚነሣው «የሚችለውስ ማን ነው?» የተባለ እንደ ሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከተገኙት መልሶች መካከል ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጥቶ ማወዳደር ከሁሉ ያነሰ አድልዎ ያለበት መሆኑን ይህ ጸሐፊ ያምናል። ይሁን እንጂ የመወዳደሪያ ፈተና የሚጀምረው የጥያቄው ወረቀት ሲታደል አይደለም። ተፈታኙ ለመዘጋጀት ስንት ወራት አገኘ? በእነዚያ ወራት ማን ቀለበው? ፈተናው ወደሚሰጥበት ከተማ ለመድረስስ ምን ያህል ቀን ተጓዘ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በውጤት መግለጫው ላይ አይጻፍም፤ ውጤቱን ግን አስቀድሞ ይወስነዋል። የሕንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና ታሪክ ይህን ነገር አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ ከሙያችን ጋር የሚገናኝበትም መንገድ ስላለው፣ ለማኅበራችን አባላት እንደሚከተለው ቀርቧል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከነጋዴነት ወደ ገዥነት በተሸጋገረበት ዘመን ወደ ሕንድ የሚላኩትን ሹማምንት የሚመርጡት የኩባንያው ዲሬክተሮች ነበሩ። እያንዳንዱ ዲሬክተር የሚያድለው የሹመት ድርሻ ስለ ነበረው ለወንድሙ ልጅ፣ ለወዳጁ ልጅ ወይም ውለታ ለዋለለት ሰው ልጅ ይሰጥ ነበር። በ1806 የተቋቋመውና በኋላ በሄይሊበሪ የተደላደለው የኩባንያው ኮሌጅ እነዚህን ወጣቶች ያስተምር ነበር እንጂ አይመርጥም፤ የመረጣቸው ዘመድ ነው። በዚህ መንገድ የሄዱት ሁሉ ደካሞች ነበሩ ማለት አይደለም። በትጋታቸውና በእውቀታቸው የተመሰገኑ ሰዎች ከመካከላቸው ወጥተዋል። ዘመድ የሌለው ግን በሩን ለማንኳኳት እንኳ አይችልም ነበር።

በ1853 የእንግሊዝ ፓርላማ የኩባንያውን ቻርተር ሲያድስ ይህን የዲሬክተሮች መብት አንሥቶ ሹመቱ በግልጽ ውድድር እንዲሰጥ ወሰነ። የፈተናውን ሥርዓት እንዲነድፍ የተሰየመውን ኮሚቴ የመራው የታሪክ ጸሐፊው ቶማስ ባቢንግተን ማኮሌይ ሲሆን ሪፖርቱ በ1854 ቀረበ። የመጀመሪያው ፈተናም በ1855 በለንደን ተሰጠ። ቻይና ሹማምንቷን በጽሑፍ ፈተና መምረጥ ከጀመረች በዚያን ጊዜ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ስለ ጉዳዩ የተከራከሩት ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። የሚያስገርመው ግን እንግሊዝ በገዛ አገሯ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ግልጽ ውድድርን በሰፊው የተቀበለችው ከዚያ በኋላ በ1870 መሆኑ ነው። አዲሱ መድኃኒት በመጀመሪያ የተሞከረው በሩቁ ግዛት ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የማኮሌይ ኮሚቴ ያቀረበው የነጥብ አደላደል ሲታይ የፈተናው ጠባይ ቶሎ ይገለጣል። ጠቅላላው ነጥብ 6,875 ነበር። ከዚህ ውስጥ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ 1,500፣ ለሒሳብ 1,000፣ ለግሪክኛ 750፣ ለላቲን 750፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ 500፣ ለሥነ ምግባር ፍልስፍና 500 ተመደበ። ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ጣልያንኛ እያንዳንዳቸው 375 ነጥብ አገኙ። ሳንስክሪትና ዐረብኛም እንዲሁ 375 ተሰጣቸው። ሕንድን ለሚያስተዳድር ሰው የሁለት ሙታን ቋንቋዎች የአውሮፓ እውቀት 1,500 ነጥብ ሲያስገኝ፣ በሕንድ ሊቃውንት ዘንድ የተከበሩት ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድነት 750 ብቻ ነበሩ። ማንም ተፈታኝ ሁሉንም እንዲወስድ አይገደድም፤ የሚወስደውን ራሱ ይመርጣል። ምርጫው ግን አስቀድሞ በተማረው ላይ የተመሠረተ ነው።

የኮሚቴው አሳብ በራሱ ሚዛን ሲታይ ብልህነት ያለበት ነበር። ተፈታኙ እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ድረስ እንዲወዳደር ተፈቅዶለት፣ በኦክስፎርድ ወይም በካምብሪጅ የተሟላ ጠቅላላ ትምህርት ጨርሶ ይመጣል፤ ለፈተናው ብሎ የሚያጠናው ልዩ ነገር አይኖርም፤ ቢወድቅም የተማረው ለሌላ ሥራ ይጠቅመዋል። ብዙ ትምህርት ከላይ ከላይ የነካካ ሰው በጥልቀት ያጠናውን እንዳይቀድም ኮሚቴው በብርቱ ያስጠነቀቀውም ስለዚሁ ነው። ዳሩ ግን ወንበሩ ጥቂት፣ ደመወዙ ጥሩ፣ ክብሩም ታላቅ በሆነበት ቦታ ሁሉ ለፈተናው ብቻ የሚያዘጋጅ ሰው መነሣቱ አይቀርም። በለንደን የማስጠኛ ቤቶች ተከፈቱ። ከእነዚህ ሁሉ ዝነኛ የሆነው ዎልተር ሬን የተባለ መምህር ያቋቋመው ቤት ሲሆን፣ የፈታኞቹን ልማድ አጥንቶ፣ የየትምህርቱን ነጥብ ከሚፈጀው ጊዜ ጋር አመዛዝኖ፣ ተማሪውን በአጭር ጊዜ ለፈተናው ቀን የሚያደርስ ነበር። ይህ ቤት ለባለ ገንዘብ ልጅ ጊዜን ይሸጥለት ነበር ለማለት ይቻላል።

የሕንድ ተወላጅስ? በ1833 የወጣው የቻርተር ሕግ ማንም ሰው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ ቦታው ምክንያት ከሥራ እንዳይከለከል ደንግጎ ነበር። በ1858 የወጣው የንግሥት ቪክቶሪያ ዐዋጅም ይህንኑ ቃል አጸና። ስለዚህ በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። የካልካታ ልጅ በዚያ በር ለመግባት ግን መርከብ ተሳፍሮ፣ በባሕር ላይ ከአንድ ወር ያላነሰ ጊዜ አሳልፎ፣ ለንደን ገብቶ፣ በባዕድ አገር ቤት ተከራይቶ፣ በባዕድ ቋንቋ፣ በልጅነቱ ባልተማረው ትምህርት መወዳደር ነበረበት። ባሕር መሻገር ራሱ በብዙ የሂንዱ ቤተ ሰቦች ዘንድ ከማኅበር የሚያስወጣ ነውር ነበር። ከዚህም ሁሉ በላይ የዕድሜው ገደብ ሰዓቱን ይቆጥራል።

በ1862 ሁለት የቤንጋል ወጣቶች፣ ሳትየንድራናት ታጎርና ማኖሞሁን ጎሽ፣ አብረው ወደ እንግሊዝ ተጓዙ። የስዌዝ ቦይ ገና አልተከፈተም ነበር። ሳትየንድራናት፣ የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር ታላቅ ወንድም፣ በ1863 ፈተናውን አልፎ የመጀመሪያው ሕንዳዊ የሲቪል ሰርቪስ አባል ሆነ። ጓደኛው ጎሽ ሁለት ጊዜ ተፈትኖ ወደቀ። ከዚህ በኋላ የሳንስክሪትና የዐረብኛ ነጥብ እንዲቀነስ ተደረገ። ጎሽም ጠበቃ ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ ስለ ፈተናው አድልዎ የሚናገር ጽሑፍ አሳተመ። ፈተናው ለሁሉ እኩል ነው ብሎ የሚከራከር ሰው የነጥቡ ለውጥ ከአንዱ ሕንዳዊ ማለፍ በኋላ ለምን እንደ መጣ ቢጠየቅ የሚመልሰው ያጥረዋል።

በመጋቢት 1868 ሌሎች ሦስት የካልካታ ወጣቶች በመርከብ ተነሡ፤ ሱሬንድራናት ባነርጂ፣ ሮሜሽ ቹንደር ደትና ቢሃሪ ላል ጉፕታ። ደትና ጉፕታ የወጡት ቤተ ሰቦቻቸው ሳይፈቅዱላቸው በስውር ነበር። በዚያን ጊዜ የዕድሜው ጣሪያ ወደ 21 ዝቅ ብሎ ስለ ነበር ለዝግጅት የቀራቸው አንድ ዓመት ያህል ነው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ትምህርት እየተከታተሉ፣ በግላቸውም እያጠኑ፣ በ1869 ፈተና ላይ ሦስቱም አለፉ፤ ደት ከሁሉም ተፈታኞች ሦስተኛ ወጣ። ስሪፓድ ባባጂ ታኩር የተባለ የቦምቤይ ግዛት ተወላጅም አብሯቸው አለፈ። ወዲያው ግን በባነርጂና በታኩር ላይ የዕድሜ ጥያቄ ተነሣ። ባነርጂ በካልካታ የመግቢያ ፈተና ሲወስድ ዕድሜውን 16 ብሎ አስመዝግቦ ነበር። ይህ በሕንዶች ልማድ የተያዘውን ዓመት እንደ ሞላ የሚቆጥር አነጋገር ነው፤ በእንግሊዞች አቆጣጠር 15 ዓመት ሞልቶት ወደ 16 የገባ ልጅ ማለት ነው። ፈታኞቹ መዝገቡን ይዘው ዕድሜው ከገደቡ አልፏል ብለው ሰረዙት። ወጣቶቹ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስደው በመጨረሻ ስማቸው ተመለሰላቸው። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል የሚኖር ሰው ቅጽ ሲሞላ የሚገጥመውን ጣጣ የእኛ አገር አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ዋናው ምት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1876 የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ሳልስበሪ የዕድሜውን ጣሪያ ከ21 ወደ 19 ዝቅ ለማድረግ ወሰነ፤ ውሳኔውም በ1878 ሥራ ላይ ዋለ። የተሰጠው ምክንያት አስተዳደራዊ ነበር፤ ወጣቶቹ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ተመርጠው ከዚያ በዩኒቨርሲቲ ይሠልጥኑ የሚል። ለአንድ የእንግሊዝ ልጅ ይህ ጥቂት መቸኮል ብቻ ነው። ለሕንዱ ልጅ ግን በ16 ወይም በ17 ዓመቱ፣ ገና ከአባቱ ቤት ሳይወጣ፣ የሕይወቱን መንገድ ወስኖ ባሕር መሻገር ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ዓመት ከዕድሜ ገደብ ላይ መቀነስ የሺህ ማይል ግድግዳ ከመሥራት የበለጠ ይከለክላል፤ ግንብ ቢሆን ይታያል፣ የዕድሜ ቁጥር ግን የማንንም ስም አይጠራም። በዚያው በ1878 የሕንድ እንደራሴ የነበረው ሎርድ ሊተን በምስጢር በጻፈው ማስታወሻ ዕድሜውን ዝቅ ማድረጉ ለሕንዳውያን በሕግ የተሰጠውን ቃል ከንቱ ለማድረግ ሆን ተብሎ የተወሰደ ግልጽ ዘዴ መሆኑን አምኗል። ገዥው ራሱ እንዲህ ካለ ሌላ ምስክር መፈለግ አያሻም።

ሱሬንድራናት ባነርጂ በበኩሉ በ1874 ከሥራው ተሰናብቶ ነበር። በ1876 በካልካታ ከጓደኞቹ ጋር የሕንድ ማኅበርን አቋቋመ፤ በ1877 ደግሞ ስለ ዕድሜው ገደብ ሕዝቡን ለማስተባበር በሰሜን ሕንድ ከተሞች እየተዘዋወረ ንግግር አደረገ። ቋንቋቸው፣ ሃይማኖታቸውና ግዛታቸው የተለያየ ሕንዳውያን በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ ድምፅ የተናገሩበት ቀዳሚ አጋጣሚ ይህ የፈተና ጉዳይ መሆኑን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። የአንድ ትልቅ አገር ብሔራዊ እንቅስቃሴ በከፊል ከፈተና የዕድሜ ገደብ መነሣቱ ከመንግሥት ሥራ ጋር የሚኖር ሰውን ሊያስደንቅ አይገባም።

እዚህ ላይ ወደ ሙያችን ጥቂት ዘወር ማለት ይጠቅማል። የጋንጅስ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር የሚያስፈልጉት ቀያሾችና መሐንዲሶች ሁሉ ከእንግሊዝ ሊመጡ ስላልቻሉ በ1847 በሩርኪ ከተማ የምሕንድስና ኮሌጅ ተከፈተ። ቦዩም በ1854 ውሃ ለቀቀ። በኋላ በእንግሊዝ አገር በ1871 ኩፐርስ ሂል የተባለ ኮሌጅ ለሕንድ የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ መሐንዲሶችን ለማሠልጠን ተቋቁሞ እስከ 1906 ድረስ ቆይቷል። እንዲህ ሆኖም በሕንድ ምድር የተሰጠው የምሕንድስና ፈተና ያፈራው አንድ ሰው ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሞክሻጉንዳም ቪስቬስቫራያ በማይሶር ግዛት ከድሃ ቤተ ሰብ ተወልዶ፣ ልጅ ሳለ አባቱ ሞተውበት፣ ተማሪ ሳለ ሌሎች ልጆችን እያስጠና ራሱን ይረዳ ነበር። በ1883 በፑና የምሕንድስና ኮሌጅ የመጨረሻ ፈተና አንደኛ ወጣ፤ ለአንደኛው ተመራቂ የሚሰጠው የረዳት መሐንዲስነት ቦታም በ1884 በቦምቤይ የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ተሰጠው። ውሃው ከተወሰነ ከፍታ ሲያልፍ ራሳቸው የሚከፈቱትን የጎርፍ በሮች በ1903 በፑና አጠገብ በሚገኘው የካዳክዋስላ ግድብ ላይ ያስገጠመው፣ በኋላም የማይሶር ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው እርሱ ነው። ይህ ሰው ለንደን ሄደህ ተፈተን ቢባል ኖሮ የመርከቡን ዋጋ ከየት ያመጣ ነበር? በፑና የተሰጠው ፈተና ቀላል ስለ ነበረ አይደለም ያለፈው፤ ቅርብ ስለ ነበረ መወዳደር ቻለ።

በ1885 የተመሠረተው የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ገና ከጅምሩ ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ፈተናው በለንደንና በሕንድ በአንድ ጊዜ ይሰጥ የሚል ነበር። በ1893 የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ይህንን የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፈ፤ መንግሥት ግን ሥራ ላይ አላዋለውም። የዕድሜው ጣሪያ በ1892 ወደ 23 ተመልሶ ነበር። ፈተናው በሕንድ ምድር፣ በአላሃባድ ከተማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ1922 ነው። ከመጀመሪያው የለንደን ፈተና ጀምሮ ሲቆጠር 67 ዓመት መሆኑ ነው።

ፈተናው ወደ ሕንድ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አጭር ጊዜ ምን ሊያደርግና ምን ሊያደርግ እንደማይችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ እርሱም የሱባስ ቻንድራ ቦዝ ነው። በ1919 በካልካታ ስኮቲሽ ቸርችስ ኮሌጅ በፍልስፍና በማዕረግ ሲመረቅ ዕድሜው 22 ነበር። አባቱ፣ የከታክ ከተማ የታወቀ ጠበቃ፣ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ለሲቪል ሰርቪስ እንዲወዳደር ሐሳብ አቅርቦ ለመወሰን 24 ሰዓት ሰጠው። ዕድሜው እየገፋ ስለ ነበር የሚኖረው ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በካልካታ ስለ እንግሊዝ አገር ትምህርት ምክር የሚሰጠው ሹም የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑን አይቶ ተስፋ እንደሌለው ነገረው፤ አሥር ሺህ ሩፒ በከንቱ እንዳያጠፋም መከረው። ቦዝ ግን በመስከረም 1919 ተሳፈረ፤ መርከቡ ቀርፋፋ ስለ ነበር ለንደን የደረሰው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ በጥቅምት መጨረሻ ነው። በካምብሪጅ ትምህርት ተጀምሮ ነበርና በፊትዝዊልያም ሆል ዘግይቶ በልመና ገባ።

የቀረው ስምንት ወር ነው። የሚፈተንባቸው ትምህርቶች ዘጠኝ ያህል ነበሩ፤ የእንግሊዝኛ ድርሰት፣ ሳንስክሪት፣ ፍልስፍና፣ የእንግሊዝ ሕግ፣ የፖለቲካ ሳይንስ፣ የአውሮፓ ዘመናዊ ታሪክ፣ የእንግሊዝ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ጂኦግራፊ። ለጂኦግራፊው ቅየሳና ካርታ ማንሣት መማር፣ ለአውሮፓ ታሪክ ደግሞ ጥቂት ፈረንሳይኛ ማወቅ ነበረበት። ለዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የሚከታተለው ትምህርትም ከዚህ ጋር ተደርቦበታል። ቅየሳ በጥቂት ወራት ለተማረ ሰው ሥራው ምን ያህል እንደሚያስለፋ አንባቢዎቼ ሊነገራቸው አያስፈልግም።

ፈተናው በሐምሌ 1920 ተጀመረ። ከእንግሊዝኛ ወደ ሳንስክሪት በሚተረጎመው ወረቀት ላይ ቦዝ በመጀመሪያ በረቂቅ ጽፎ ከዚያ በጥሩ ጽሕፈት ለመገልበጥ አሰበ፤ ደወሉ ሲደወል ግን የገለበጠው ከፊሉን ብቻ ነበር። እርግጠኛ የነበረባቸው 150 ያህል ነጥቦች እንዲህ አመለጡት። ወድቄአለሁ ብሎ ተስፋ ቆርጦ ወደ ዲግሪው ትምህርት ተመለሰ። በመስከረም ወር ውጤቱ ሲነገር ግን አራተኛ ወጥቶ ተገኘ፤ በእንግሊዝኛ ድርሰት ከሁሉም አንደኛ ነበር።

ይህን ታሪክ ለወጣቶች የሚተርኩ ሰዎች «በስምንት ወር ይቻላል» ለማለት ይጠቀሙበታል። ይህ ጸሐፊ አይስማማም። ቦዝ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ለሰባት ዓመት ያህል በከታክ በእንግሊዞች ሥርዓት በሚመራ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሯል። ፍልስፍናውን በኮሌጅ ጨርሶ፣ ሳንስክሪቱን ከአገሩ ይዞ ነው የሄደው። ስምንቱን ወር ያለ ሥራ በካምብሪጅ ተቀምጦ እንዲያጠና የቻለውም አባቱ ስለ ከፈለለት ነው። የአንድ ፎቅ ቤት በአንድ ክረምት ተሠርቶ አለቀ ቢባል መሠረቱ መቼ እንደ ተጣለ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ የቦዝም ስምንት ወር በአሥራ ሰባት ዓመት መሠረት ላይ የቆመ የላይኛው ፎቅ ነው። በሚያዝያ 1921 ቦዝ ሹመቱን ለሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር መልሶ ወደ አገሩ ገባ፤ ባዕድ መንግሥትን እያገለገሉ አገርን ማገልገል አይቻልም ብሎ ስለ ወሰነ። እንዲህ ያለውን ውሳኔ ለማድረግም ቢሆን በቅድሚያ ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

ሕንድ በ1947 ነፃ ስትወጣ ሲቪል ሰርቪሱ ስሙን ለውጦ የሕንድ አስተዳደር አገልግሎት ተባለ፤ ፈተናውም ቀጠለ። ርቀቱ ተወግዷል፤ ፈተናው በመላው አገሪቱ ይሰጣል። የዕድሜው ጣሪያ ለጠቅላላው ተወዳዳሪ 32 ሲሆን ስድስት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል፤ ቀድሞ የተጎዱ ወገኖች ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ያገኛሉ። ማኮሌይና ሳልስበሪ ያጠበቡት በር እንዲህ ሰፋ። በሌላ በኩል አንድ ሺህ ለሚያህሉ ቦታዎች በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይመዘገባል፤ ከሚያልፉት መካከልም የምሕንድስና ምሩቃን ብዙውን ድርሻ ይይዛሉ። ግድብና ድልድይ ለመሥራት የሠለጠነ ሰው ሦስትና አራት ዓመት ታሪክና ሕገ መንግሥት ሲያጠና መኖሩ ለአገሪቱ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ የሚለው ክርክር በሕንድ ጋዜጦች ላይ አላበቃም። እኔ ወደ ኪሳራው አደላለሁ፤ ባልደረቦቼ የተለየ አስተያየት እንደሚኖራቸው አውቃለሁ።

ጊዜ የሚሸጡት ቤቶችም ከለንደን ወደ ዴልሂ መጥተዋል። ራጂንደር ናጋርና ሙከርጂ ናጋር የተባሉት ሰፈሮች ከየግዛቱ በመጡ ተወዳዳሪዎች የተሞሉ ናቸው፤ ቤተ ሰብ መሬት ሸጦ ወይም ተበድሮ የላከው ልጅ በጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ቀን በማስጠኛው፣ ማታ በሰዓት በሚከፈልበት የንባብ ክፍል ያጠናል። በሐምሌ 27 ቀን 2024 በአሮጌው ራጂንደር ናጋር ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ፤ መንገዱ በጎርፍ ተሞላ፤ ውሃው የአንድ ማስጠኛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገባ። ምድር ቤቱ የተፈቀደው ለመኪና ማቆሚያና ለዕቃ ማስቀመጫ ሲሆን ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ይሠራበት ነበር። ሦስት ተወዳዳሪዎች በዚያ ሰጥመው ሞቱ። ጓደኞቻቸው ለብዙ ቀናት በመንገዱ ላይ ተቀምጠው ስለ ውሃ መውረጃ ቦዮች፣ ስለ ሕንፃ ፈቃድና ስለ ቁጥጥር ጠየቁ፤ ለመሐንዲስ የሚቀርቡ ጥያቄዎች ነበሩ። የዓመቱ ዋና ፈተና በቀኑ፣ በመስከረም 20፣ ተጀመረ።